ስፖሩና ዛጎሉ፦ የባሕር ዋቅላሚን በቤተ ሙከራ የማሳደግ ታሪክ



የዛሬው ርእሴ ከአገራችን ምድር የራቀ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። «የባሕር በር የሌለው አገር ሰው ስለ ባሕር ዋቅላሚ ስፖር ምን አነጋገረው?» ብሎ የጠየቀኝ ባልደረባም አልጠፋም። መልሴ ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳንርቅ እናገኘዋለን። በማይክሮባዮሎጂ ቤተ ሙከራ በፔትሪ ሳህኖች ላይ ረግቶ የምታዩት አጋር ከቀይ የባሕር ዋቅላሚ ተቀቅሎ የሚወጣ ነገር ነው። ፋኒ ሄስ የተባሉት ሴት በ1881 ይህን የወጥ ቤት ዕቃ ለባለቤታቸው ለዋልተር ሄስ፣ በእርሳቸውም በኩል ለሮበርት ኮክ ቤተ ሙከራ እስኪያስተዋውቁ ድረስ ባክቴሪያ ይዘራ የነበረው በጄላቲን ላይ ነው። ጄላቲን ግን ሙቀት ሲበረታበት ይቀልጣል፤ አንዳንዱም ባክቴሪያ ይበላዋል። (ዓመታቱን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልናገር።) እንግዲህ አንድን ሕያው ነገር ከሌሎች ነጥሎ ለብቻው የማሳደግ ጥበብ በአብዛኛው የቆመው በባሕር ዋቅላሚ ላይ ነው። የሚገርመው ነገር፣ በዚያው ዘመን የብዙዎቹ ዋቅላሚዎች ስፖር ከእናቱ ከተለየ በኋላ ወዴት እንደሚሄድና ምን ሆኖ እንደሚያድግ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ዋቅላሚ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታወሰን የቢሾፍቱው አረንጓዴ ሐይቅ ነው። ያንን ሐይቅ ስሙን ያሰጡት በዓይን የማይታዩ ደቂቃን ናቸው። እኔ የምናገረው ግን በባሕር ዳርቻ ከዓለት ጋር ተጣብቀው ስለሚያድጉት፣ ቅጠልና ጥብጣብ ስለሚመስሉት፣ አንዳንዶቹም ከረጅም ዛፍ ቁመት ጋር ስለሚወዳደሩት ነው። እነዚህ አበባም ፍሬም የላቸውም፤ የሚራቡት በስፖር ነው። ስፖር ደግሞ ዘር አይደለም። ዘር ፅንሱን አቅፎ፣ ስንቁን ቋጥሮ የሚወጣ ነው። ስፖር ግን አንድ ሕዋስ ብቻ ነው፤ መጠኑም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ብዙ አይበልጥም። የጤፍ ፍሬ እንኳ በአጠገቡ ቢቀመጥ ተራራ ይሆናል። ይህ ደቂቅ ነገር በሰፊ ባሕር ውስጥ ሲበተን ተከትሎ ማየት አይቻልም። ያለው አማራጭ ይዞ አምጥቶ በመስታወት ሳህን ማሳደግ ነው።

ዛሬ ላስረዳው የምፈልገው አሳብ ይህ ነው፤ የዚህ ዘዴ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የንጽሕና ታሪክ ሆኖ ነው። ተመራማሪዎች ስፖሩን ከባዕድ ነገር ይበልጥ እያጠሩ በሄዱ ቁጥር ይበልጥ እያወቁ ሄዱ ይባላል። እኔ ግን መዛግብቱን ሳነብ ያገኘሁት ሌላ ነው። ትልልቆቹ ግኝቶች የተገኙት አንድ ሰው ከሳህኑ ተጠርጎ የወጣውን ነገር መልሶ ሲጨምር ነው።

በመጀመሪያ ስለ መለየቱ ሥራ ጥቂት ልበል፤ በተግባር ያልሞከረው ሰው ቀላል ይመስለዋልና። ተመራማሪው ስፖር የቋጠረ ቅጠል ከባሕር ይመርጣል። በተጣራና በጸዳ የባሕር ውኃ ደጋግሞ ያጥበዋል፤ በላዩ የተጣበቁትን ደቂቃን በለስላሳ ብሩሽ ይጠርጋል። ከዚያም ቅጠሉን በጥቂቱ አጠውልጎ በቀዝቃዛና በጨለማ ስፍራ ያሳድረዋል። በማግስቱ ቅጠሉ እንደ ገና ውኃ ሲነካው ስፖሮቹን በአንድ ጊዜ ይለቃል። ይህ ብልሃት የባሕርን ሙላትና ጉድለት ከመኮረጅ የተለየ አይደለም፤ በዳርቻው ዓለት ላይ ያለው ዋቅላሚ ውኃው ሲሸሽ ይጠወልጋል፣ ሲመለስ ይርሳል። ቀጥሎ ተመራማሪው የመስታወት ቱቦን በእሳት አለስልሶ ይስባል፤ እንደ ፀጉር የቀጠነውንም ጫፍ እንደ መምጠጫ ይዞ በማይክሮስኮፕ እያየ አንዲቱን ስፖር ከጠብታ ወደ ጠብታ ያሻግራል፤ በእያንዳንዱም ጠብታ ያጥባታል። የቡናማው ዋቅላሚ ስፖር ጅራፍ መሰል መቅዘፊያ ስላለው ይዋኛል፤ ስለዚህ ለማያዝ ያስቸግራል። የቀዩ ግን መቅዘፊያ የለውም፤ ይሰጥማል፣ ያገኘውንም ነገር ይዞ ይጣበቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ባዶ የባሕር ውኃ በትንሽ ሳህን ውስጥ ሲቀመጥ ምግቡ ቶሎ ያልቃል። በ1927 ሽራይበር ናይትሬትና ፎስፌት ጨመሩበት። በ1934 ደግሞ ኖርዌያዊው ፎይን በዚሁ ላይ የአፈር ጭማቂ አከሉ፤ የአትክልት ስፍራ አፈር ከውኃ ጋር ተቀቅሎ የተጣራው ማለት ነው። የባሕር ፍጥረት የየብስ አፈር ሲቀምስ ማደጉ ያን ጊዜ በቅጡ የተብራራ ነገር አልነበረም። ውጤቱ ያማረ ስለሆነ ግን ብዙ ቤተ ሙከራዎች ለረጅም ዓመታት ተጠቅመውበታል፤ እንደ እኔ አስተያየት ከሳይንስ ይልቅ ወደ ባልትና የሚቀርብ ሥራ ነበር፤ ይህንም የምለው በምስጋና ነው።

እንዲህ ያለው ትዕግሥት ምን እንደሚያፈራ ቀድሞ በ1915 ታይቷል። በዚያ ዓመት ፈረንሳዊው ካሚል ሶቫዦ ከኬልፕ ወገን የሆነውን ትልቅ ቡናማ ዋቅላሚ ስፖር አሳድገው ከስፖሩ የሚወጣው ሌላ ኬልፕ እንዳልሆነ አሳዩ። የሚወጣው በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚታይ፣ ወንድና ሴት የሆነ ቀጭን ክር ነበር። ግዙፉ ኬልፕ የሚወለደው ከእነዚህ ደቃቃ ክሮች ጋብቻ ነው። አባትና ልጅ ፈጽሞ የማይመሳሰሉበት፣ የልጅ ልጅ ግን አያቱን የሚመስልበት ቤተ ሰብ እንደ ማለት ነው። ባሕር ዳር ቆሞ ይህን ማወቅ የሚችል ሰው አልነበረም፤ የገለጠው ሳህኑ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ፖርፊራ የሚባል ቀይ ዋቅላሚ አለ። ቅጠሉ እንደ ስስ ወረቀት ነው። በዌልስ ቀቅለው ይበሉታል፤ በጃፓን ደግሞ ዘመዱ ደርቆ ኖሪ ይባላል፣ ሩዝም ይጠቀለልበታል። (ዛሬ የእስያዎቹ ዝርያዎች ወደ ሌላ የሳይንስ ስም ተዛውረዋል፤ ለዛሬው ዓላማችን የቀድሞው ስም ይበቃናል።) የኖሪ አርሶ አደሮች ከአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በዛሬው የቶኪዮ ባሕረ ሰላጤ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ የቀርከሃና የዛፍ ቅርንጫፍ ይተክሉ ነበር፤ በኋላም በምትኩ መረብ መዘርጋት ጀመሩ። በመጸው ኖሪ ከየት እንደ መጣ ሳይታወቅ በቅርንጫፉ ላይ ይበቅላል፤ በክረምት ይታጨዳል፤ በበጋው ሙቀት ፈጽሞ ይጠፋል። ዘሩን ማንም አይቶት አያውቅም። አንዱ ዓመት ያንበሸብሻል፣ ሌላው ባዶ እጅ ያስቀራል። ስለዚህም የቁማርተኛ ሣር የሚል ስም ወጣለት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ፣ በተለይም ከ1948 ወዲህ፣ በታይፉንና በባሕር ዳርቻ መበከል ምክንያት ምርቱ ወደቀ። ዘሩን የማያውቅ አርሶ አደር ዘር ጠፋብኝ ብሎ የሚሄድበት ቦታ የለውም።

በሌላ ወገን፣ በ1892 እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ባተርስ በባሕር ዛጎሎች ውስጥ ሰርስሮ የሚኖር ሮዝ ቀለም ያለው ክር አግኝተው ኮንኮሴሊስ ሮዚያ ብለው ሰይመውት ነበር። እርሳቸውም ሆኑ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ብለው መዘገቡት። ለሃምሳ ሰባት ዓመታት ፖርፊራና ኮንኮሴሊስ በመጻሕፍት ውስጥ በተለያየ ገጽ ተቀመጡ። የፖርፊራን ስፖር ያሳደጉ ሰዎች አልነበሩም ማለት አይደለም። ነበሩ፤ ስፖሩ ቀጭን ክር ሲያወጣም አይተዋል። በንጹሕ መስታወት ላይ ያለው ክር ግን ወደ ቅጠል አልተለወጠላቸውም፤ ስለዚህ ነገሩ በእንጥልጥል ቀረ። ልብ በሉ፤ ሁለቱ ወገን ተመራማሪዎች የየራሳቸውን ሥራ በጥንቃቄ ሠርተዋል። ዛጎል የሚሰበስበው ዛጎሉን ያያል፤ ስፖር የሚያሳድገው ሳህኑን ያያል። በሁለቱ መካከል የጎደለው በሳህን ውስጥ ያለ ዛጎል ነበር።

ያንን ያደረጉት ካትሊን ሜሪ ድሩ ናቸው። በ1901 በእንግሊዝ በላንካሻየር ተወለዱ፤ በ1922 ከማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ በእጽዋት ሳይንስ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ፤ በኋላም ሁለት ዓመት በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ አጠኑ። በ1928 ሄንሪ ራይት ቤከርን አገቡ። በዚያን ጊዜ የነበረው የዩኒቨርሲቲው ደንብ ያገባች ሴት በመምህርነት እንድትቀጠር አይፈቅድም ነበርና ሥራቸውን አጡ። ከዚያ ወዲያ በዚያው ተቋም የክብር ተመራማሪ ተብለው ኖሩ። «የክብር» የሚለው ቃል እንደምታውቁት ባለ ደመወዝ አለመሆንን በጨዋ ቋንቋ ለመግለጽም ያገለግላል። በ1939 የሳይንስ ዶክትሬታቸውን ያገኙትና የምንነጋገርበትን ግኝት ያደረሱት በዚህ ሁኔታ ላይ ሳሉ ነው።

ስለ ባለቤታቸውም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ሄንሪ ራይት ቤከር በማንቸስተር የምህንድስና መምህር ነበሩ፤ ለሚስታቸው ምርምር የባሕርን ሙላትና ጉድለት የሚመስል ገንዳ ሠርተውላቸዋል። እኚሁ ሰው ናቸው በ1955 እና 1956 በቁምራን ዋሻ የተገኘውንና ዝጎ አልገለጥ ያለውን የመዳብ ጥቅልል በቀጭን መጋዝ ሰንጥቀው እንዲነበብ ያደረጉት። መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን በግዕዝ ጠብቀን ላቆየን ለእኛ የቁምራን ስም እንግዳ አይደለም። ይህ ከርእሴ ወጣ ያለ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ከዝገት ሌላዋ ከዛጎል ተደብቆ የኖረውን መግለጣቸውን ሳስብ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

የድሩ ሙከራ በአሳብ ደረጃ እጅግ ቀላል ነው። ከፖርፊራ ቅጠል የተለቀቁትን ስፖሮች ከደቂቃን የጸዳ ዛጎል ባለበት ውኃ ውስጥ አኖሩ። ስፖሮቹ በዛጎሉ ላይ አርፈው ክር አወጡ፤ ክሩም ካልሲየም ካርቦኔቱን እየሰረሰረ ወደ ውስጥ ገባ፤ በዚያም ቅርንጫፍ እያበጀ ሮዝ ነጠብጣብ ሆኖ ተዘረጋ። ድሩ ያን መልክ ያውቁታል፤ ኮንኮሴሊስ ነው። ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተመዘገበው ነገር የፖርፊራ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ጽሑፋቸው በኔቸር መጽሔት በ1949 በጥቅምት ወር መጨረሻ ወጣ፤ ርዝመቱ ሁለት ገጽ አይሞላም። የሕይወት ዑደቱ ሁለተኛ አጋማሽ፣ ማለትም ከዛጎሉ ውስጥ የሚወጣው ሌላ ስፖር ተመልሶ ቅጠል መሆኑ፣ በዚያ ጽሑፍ ገና አልተዘጋም ነበር።

እዚህ ላይ በሰፊው ከሚነገረው ታሪክ ጋር እለያያለሁ። በብዙ ድረ ገጾችና በታዋቂ ጽሑፎች ድሩ አንድ ወረቀት አሳተሙ፣ ጃፓንም ዳነች ተብሎ ይነበባል። እንዲህ ያለው አተራረክ ድሩን ያከበረ ይመስላል፤ ግን መካከለኛውን ሥራ ሁሉ ይውጠዋል። ነገሩ የደረሰው በደብዳቤ ነው። የኪዩሹ ዩኒቨርሲቲው ሶኪቺ ሴጋዋ ስለ ግኝቱ ከድሩ ጋር ተጻጻፉ፤ ሙከራውንም በጃፓን ዝርያ ላይ ደገሙት። በኩማሞቶ የዓሣ ሀብት የሙከራ ጣቢያ ይሠሩ የነበሩት ፉሳኦ ኦታ ደግሞ በ1950ዎቹ ይህን የሳህን ዕውቀት ወደ ገንዳ፣ ከገንዳ ወደ መረብ አሸጋገሩት። በጃፓን ኩሮጊ፣ በቻይናም ጼንግ ቼንግኩዊና ባልደረባቸው በዚያው አሥር ዓመት የዑደቱን ቀሪ ክፍል አጠኑ። ድሩ ለባሕሩ ጥያቄ መልስ ሰጡ፤ ለአርሶ አደሩ ጥያቄ መልስ የሰጡት እነዚህ ናቸው። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ናቸው። አንደኛው «ይህ ክር ማን ነው?» ይላል። ሁለተኛው «መስከረም ላይ ስንት መረብ መሙላት እችላለሁ?» ይላል።

የዘዴው አካሄድ እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተለወጠም። በክረምቱ መጨረሻ የበሰለ ቅጠል ስፖሩን በገንዳ ውስጥ በተነጠፉ የኦይስተር ዛጎሎች ላይ ያዘንባል። ዛጎሎቹ በጋውን በደብዛዛ ብርሃን ያሳልፋሉ፤ ነጠብጣቦቹ እየሰፉ ዛጎሉን ያጠቁሩታል። ወደ መጸው ሙቀቱ ሲቀንስና ቀኑ ሲያጥር ክሩ አዲስ ስፖር ይለቃል። ያን ጊዜ መረቡ በትልቅ መንኰራኩር ላይ ተጠቅልሎ በገንዳው ውስጥ ይሽከረከራል፤ ሠራተኛው ከመረቡ ክር ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ስፖሮቹን ይቆጥራል። ከበቁት መረቡ ወደ ባሕር ይወጣል። ከ1960ዎቹ ወዲህ ደግሞ ቡቃያ የያዘ መረብ በከፊል ደርቆ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያው ምርት በበሽታ ቢጠፋ ሁለተኛው መረብ ከማቀዝቀዣ ይወጣል። በቁማር ሲኖር የነበረው ገበሬ ጎተራ አገኘ ማለት ነው።

ድሩ ጃፓንን ሳያዩ በ1957 ዐረፉ። ከዚያ በፊት በ1952 የብሪታንያ የዋቅላሚ ተመራማሪዎች ማኅበር ሲመሠረት የመጀመሪያዋ ሊቀ መንበር ሆነው ነበር። በ1963 የኖሪ አርሶ አደሮች ገንዘብ አዋጥተው በኩማሞቶ ክፍለ ግዛት በኡቶ ከተማ፣ የአሪያኬን ባሕር ቁልቁል በሚያይ የሱሚዮሺ መቅደስ ግቢ ሐውልት አቆሙላቸው። በየዓመቱ ኤፕሪል 14 ቀን በዚያ ይታሰባሉ፤ የባሕር እናት ይሏቸዋል። ደመወዝ ያልከፈላቸውን ተቋምና ያላዩትን የገበሬ መዋጮ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ የምታወጡትን ሒሳብ ለእናንተ እተዋለሁ።

ታሪኩ በዛጎሉ ቢያበቃ ኖሮ ለአሳቤ ይመቸኝ ነበር፤ ግን አያበቃም። በ1961 ኢዋሳኪ የኖሪን ክር ምግቡ በተስተካከለ ውኃ ውስጥ ያለ ዛጎል ማሳደግ እንደሚቻል፣ የብርሃኑም ሰዓት ሲያጥር ስፖር እንደሚያበጅ አሳዩ። ስለዚህ ዛጎሉ የግድ አስፈላጊ አልነበረም። ታዲያ በ1949 ለምን ያን ያህል ሠራ? እንደሚመስለኝ ክሩን ከዳያተምና ከሌሎች ተቀናቃኞች የሚሸሽግ ቤት ስለሆነለት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተመራማሪዋ የሚያውቁትን መልክ ይዞ እንዲያድግ ስላስቻለው ነው። በመስታወት ላይ የተንሳፈፈን ክር ማንም ኮንኮሴሊስ ብሎ ሊጠራው አይችልም ነበር። ዛጎሉ ለክሩ ቤት፣ ለተመልካቹ ደግሞ መታወቂያ ሆነ።

የማጥራቱም ጥበብ በዚያው ዘመን ገሰገሰ። በ1966 ጆይስ ሉዊን ጀርማኒየም ዳይኦክሳይድ የዳያተምን እድገት እንደሚገታ አሳዩ፤ ዳያተም ቅርፊቱን የሚሠራው ከሲሊካ ነውና ተመሳሳዩ ጀርማኒየም ሥራውን ያበላሽበታል። ዛሬ ጥቂት ጠብታ ጨምሮ ሳህኑን ማጽዳት የተለመደ ነው፤ ቡናማ ዋቅላሚ የምታሳድጉ ግን ተጠንቀቁ፣ እርሱንም ይጎዳዋል። አንቲባዮቲኮችም መጡ፤ በጥንቃቄ ከተሠራ አንድም ባክቴሪያ የሌለበት ዋቅላሚ ማግኘት ተቻለ።

በኒው ዮርክ የሃስኪንስ ቤተ ሙከራዎች የሠሩት ትውልደ ጣሊያናዊው ሉዊጂ ፕሮቫዞሊ ለዚህ ብዙ አስተዋጽኦ ካደረጉት አንዱ ናቸው፤ በስማቸው የሚጠራው የዋቅላሚ ምግብ ዛሬም በየቤተ ሙከራው አለ። እርሳቸው ኡልቫ የተባለውን የሰላጣ ቅጠል የሚመስል አረንጓዴ ዋቅላሚ ከባክቴሪያ ሁሉ ለይተው ሲያሳድጉት ያልጠበቁት ነገር ገጠማቸው። ዋቅላሚው አልሞተም፤ ግን ቅጠል መሆኑን ተወ። የተበታተኑ ክሮችና የሕዋስ እብጠቶች ሆኖ ቀረ። ባክቴሪያ ሲመለስለት መልኩም ተመለሰ። በ2005 የጃፓን ተመራማሪዎች ሳይንስ በተሰኘው መጽሔት ምክንያቱን ከፊሉን ገለጡ፤ አንድ የባሕር ባክቴሪያ የሚያመነጨውን ታሉሲን ብለው የሰየሙትን ንጥረ ነገር ለዩ፤ እርሱም በእጅግ አነስተኛ መጠን ሲጨመር ከኡልቫ ጋር የሚዛመደው ሞኖስትሮማ እንደ ገና ቅጠል ይሆናል። በሌላ ቃል፣ ለመቶ ዓመት ቆሻሻ ተብሎ ሲታጠብ የኖረው ነገር ቅርጹን የሚሰጠው ነበር።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ የዛጎል ናሙናና ማይክሮስኮፕ በጎን ጠረጴዛው ላይ ተዘጋጅቷል።